ዋይፋይ ተገናኝቶ ኔት እምቢ ሲል፦ የሁለት ራውተር ችግር

በጂዛን ኢኮኖሚክ ሲቲ አካባቢ፣ በቤሽ፣ በሳብያ ወይም በአቡ አሪሽ ሰፊ ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች፣ ይህ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ራውተሩ መጅሊስ ውስጥ ነው፤ የእናንተ ክፍል ፎቅ ላይ ወይም ጓሮ ነው። ዋይፋዩ ግድግዳውን አልፎ ስለማይደርስ ሁለተኛ ራውተር ይገባል። ከዚያ ስልኩ ተገናኝቷል ይላል፣ ዋትሳፕ ግን አይሠራም። አንዳንዴም የቤቱ ኔት በሙሉ ይረበሽና «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የኬብሉ አሰካክ ነው።

ምክንያቱ

ስልክ ዋይፋይ ውስጥ ሲገባ የቁጥር አድራሻና የመውጫ በር (ጌትዌይ) ይሰጠዋል። ይህን የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚባለው የራውተሩ ሥራ ነው። ራውተር ሁለት ጎን አለው። ዋን በሚባለው ቀዳዳ ከውጭ ኔት ይቀበላል፤ ላን በሚባሉት ቀዳዳዎችና በዋይፋይ ለቤቱ ያድላል። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው የመሥሪያ ቤት ሰርቨርም እንዲሁ ነው፤ በየትኛው ካርድ እንደሚያድል ተለይቶ መነገር አለበት።

ከመጅሊስ የመጣው ኬብል በሁለተኛው ራውተር ላን ላይ ከተሰካ፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለት አዳይ ይሆናል። ስልካችሁ ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል። ሁለተኛው ከቀደመ የተሳሳተ በር ይሰጠዋል፣ ኔትም የለም። አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

በስልካችሁ አረጋግጡ

• ሴቲንግ፣ ከዚያ ዋይፋይ ገብታችሁ የኔቱን ስም ንኩ። አይፒና ጌትዌይ ይታያል፤ አይፎን ላይ ጌትዌዩ ራውተር ተብሎ ተጽፏል።
• በዚያው ዋይፋይ ኔት ከሚሠራለት ስልክ ጋር ጌትዌዩን አስተያዩ። ከተለያየ ሁለት አዳይ አለ ማለት ነው።
• አይፎን ላይ አይፒው በ169.254 ከጀመረ፣ ምንም አድራሻ አልተሰጠውም።
• ዋይፋዩን አስረስታችሁ (ፎርጌት) እንደገና ግቡ።

መፍትሔው

ሁለተኛው ራውተር ኬብሉን በዋን ይቀበል፤ ወይም በላን ተሰክቶ ይቆይና ዲኤችሲፒው ይዘጋ። ሁለቱም ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው ከያዙ ይጋጫሉ፤ ያኔ አንዱ ለምሳሌ ወደ 192.168.2.1 ይቀየር።

ጥንቃቄ

ሳይፈቀድላችሁ ኬብል አትንቀሉ። በተለይ በመርፌ የሚነካውን ትንሿን የሪሴት ቁልፍ አትጫኑ፤ ሴቲንጉን በሙሉ ታጠፋለች፣ ቤቱም ያለ ኔት ሊቀር ይችላል። ለማዳም ወይም ለከፊሉ እንዲህ በሉ፦ «ፊ ዋይፋይ፣ በስ ማ ፊ ኔት። ይምኪን አልኬብል ሙ ፊ መካኑ።» ዋይፋይ አለ፣ ኔት ግን የለም፤ ምናልባት ኬብሉ ቦታው ላይ አይደለም ማለት ነው።

ዋይፋይ ብቻ ተማምናችሁ አትቀመጡ። የቤተሰብን ስልክ፣ ጅዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ቁጥርና የሳውዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴርን 19911 በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። 19911 ያለ ኔት፣ በተራ ጥሪ ይደወላል።