ጥንዱ የጠፋበት ስፒከር

የምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ ያመጣው ብረት፣ ጠርሙስና የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ እዚህ ይራገፋል። ስፒከርም ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱን ብቻ።

ድሮ አንድም ይበቃ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን ሞኖፖል ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አገር ባሳተመበት ዘመን፣ ሙዚቃ ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ መንገድ ያዞሩ ነበር። ዋናው ነገር አላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ነው። ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ ባለ ሁለት ስፒከር ቴፕም ሳሎን ገባ። እኛ ታዲያ ሁለቱንም ቡፌ ላይ ጎን ለጎን ደርድረን ዳንቴል አለበስናቸው።

ሁለት የሆኑት ግን ለጌጥ አልነበረም። እንግሊዛዊው አላን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ለስቴሪዮ የፈጠራ መብት ሲያመለክት የተነሳው ሁለት ጆሮ ካለን እውነታ ነው፤ ድምፅ ከየት እንደመጣ የምንለየው በሁለቱ ነው።

ስለዚህ ሁለት ካገኛችሁ ጀርባቸውን እዩ። አንዱ 4፣ ሌላው 8 ኦም ከሆነ ባለ 4ቱ በእጥፍ ኃይል ይስባል፤ ዘፋኙም ከመሃል ይሸሻል። ሞዴላቸው አንድ ይሁን። የአንዱን ቀይና ጥቁር ሽቦ ከገለበጣችሁ ቤዙ ይጠፋል፤ ጥግ ውስጥ ከከተታችኋቸው ደግሞ ቤዙ ያብጣል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእናንተ እስከ እያንዳንዳቸው ካለው ጋር እኩል ይሁን፤ ከፍታቸው በጆሮ ልክ።

ያኔ ዘፋኙ ምንም በሌለበት፣ በሁለቱ መካከል ይቆማል። አንዱን ብቻ ለቆራሌው የሸጠ ቤት ያጣው እሱን ነው።