ስለ ነፍስ አድን ጀልባና ስለ ዊልያም ውድሃቭ

በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምሥራቅ ወገን የታይን ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል። በዚያ በወንዙ አፍ የነፍስ አድን ጀልባ በገመድ ታስራ ሌሊትና ቀን ትጠብቃለች። ይህች ጀልባ ሸቀጥ አትጭንም፤ ዓሣም አታጠምድም፤ ሥራዋ ማዕበል የያዘውን ሰው ለማውጣት ተዘጋጅቶ መቆየት ብቻ ነው። ይህ በጎ ሥራ በዚያ ስፍራ የጸናው ግን በብዙ ሐዘን ነው።

በ1789 ዓመተ ምሕረት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በመጋቢት ወር፥ አድቬንቸር የተባለች መርከብ በወንዙ አፍ ካለው ደለል ላይ ወድቃ ተሰበረች። መርከበኞቹ በምሰሶውና በገመዱ ተንጠልጥለው ሳሉ ኃይላቸው እያለቀ አንድ በአንድ ወደ ባሕር ሲወድቁ፥ በዳር የቆመው ሕዝብ በዓይኑ እያየ አለቀሰ። ወደዚያ ማዕበል ለመግባት የምትችል ጀልባ አልነበረችምና።

ከዚህ በኋላ የሳውዝ ሺልድስ ከተማ ታላላቅ ሰዎች ተሰብስበው፥ ማዕበል የማያሰጥማትን ጀልባ ላሰበ ሰው ሁለት ጊኒ ሽልማት እንዲሰጥ ቈረጡ። ካቀረቡት ሰዎች አንዱ ዊልያም ውድሃቭ ነው። እርሱም በሙያው ቀለም ቀቢ፥ በቅድስት ሂልዳ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በጸሎት ጊዜ ተሰጥዎ የሚመልስ ድኻ አገልጋይ ነበረ። አንዲት ሴት ውኃ ስትቀዳ በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት ሳህን ስባሪ አይቶ ቢገለብጠው፥ ስባሪው ራሱ ተመልሶ ስለ ቀና፥ ጥበቡን ከዚያ አገኘ ይባላል። በዚህም ሐሳብ ብትገለበጥ ራሷ ተመልሳ የምትቃና፥ ጫፍና ጫፏ ከፍ ያለ፥ ቡሽ የተሞላች ጀልባ አስቦ አምሳያዋን ከቆርቆሮ ሠርቶ አቀረበ። ዳኞቹ ግን አንድ ጊኒ ብቻ ቢሰጡት ተቈጥቶ እንቢ አለ ይባላል።

ጀልባዋን እንዲሠራ የታዘዘው ሄንሪ ግሬትሄድ ነው። እርሱ የሠራት ጀልባ በ1790 ወደ ባሕር ወረደች፤ ቡሽ ስለ ተደረገባት ውኃ ቢሞላባትም አትሰጥምም ነበር፤ ነገር ግን ከተገለበጠች ራሷ አትቃናም። ብዙ ነፍስ ስላዳነች በ1802 የእንግሊዝ ምክር ቤት ለግሬትሄድ 1,200 ፓውንድ ሰጠው። ውድሃቭ በ1821 በድኽነት ሞተ።

በ1849 በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ቤትሲ የተባለች መርከብ በዚያው ደለል ላይ ወደቀች። ፕሮቪደንስ የተባለችው የነፍስ አድን ጀልባ 24 መርከብ መሪዎችን ይዛ ልታድን ወጣች፤ በማዕበሉም ተገለበጠች፤ ከ24ቱም 20ው ሞቱ። ከዚህ ጥፋት የተነሣ የኖርዘምበርላንድ መስፍን 100 ጊኒ ሽልማት አወጣ። በ1851 የተሸለመው የጄምስ ቢቺንግ ጀልባ ራሷን የምታቃና ነበረች።

እንግዲህ ግሬትሄድን መንቀፍ አይገባም፤ የእርሱ ጀልባ ብዙ እናቶችን ከልቅሶ አድናለችና። ዳኞቹም ቢሆኑ የውድሃቭን አምሳያ በትልቁ ሠርተው በማዕበል ሳይፈትኑ ማመን ያስቸግራቸው ይሆናል። ጥፋታቸው ሳይፈትኑ መተዋቸው ነው። የአንድ ድኻ አገልጋይ ምክር እስኪሰማ 60 ዓመት አለፈ፤ ዋጋውንም የከፈሉት ምክሩን የናቁት ሰዎች አይደሉም፤ ሌላውን ሊያድኑ የወጡት 20 ሰዎች ናቸው።

በ1890 በሳውዝ ሺልድስ በተሠራው መታሰቢያ የሁለቱም ሰዎች ስም በአንድነት ይከበራል። ውድሃቭ ግን ይህን ክብር በሕይወቱ አላየውም።