የሹመት ሥራና የትውልድ ሥራ፤ የወለቃ ባለ እጆች ታሪክ

ሥራ ለሠሪው ስም ሳይሆን ለድርሻው ሲሰጥ ሰው ቢለወጥም ሥራው አይቋረጥም። ሰርቨር የሚባሉትን ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚያስተዳድሩ የዘመናችን ባለሙያዎች የሚሠሩት በዚህ ደንብ ነው። አንዱን ኮምፒዩተር ለመረጃ ማከማቻ፥ ሌላውን ለድረ ገጽ አገልግሎት ብለው በየድርሻው ይመዘግቡታል። አዲስ ፕሮግራም በየኮምፒዩተሩ ላይ የሚጭነው ትእዛዝም የሚመለከተው ድርሻውን ብቻ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው በቦታው ይመዘገባል፥ ሥራውም ይቀጥላል። ደንቡ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ደንብ በጎንደር ዘመን ለማን እንደ ሠራ፥ ለማን ደግሞ እንደ ቀረ ማሳየት ነው።

በነገሥታቱ ሰፈር የሹመቱ ስም ራሱ ቦታውን ይናገራል። ፊታውራሪ ከፊት፥ ቀኝ አዝማች በቀኝ፥ ግራ አዝማች በግራ ይሰለፋል። ንጉሡ አንዱን ሽረው ሌላውን ቢሾሙ የግራው ጦር ወዴት ልስፈር ብሎ አይጠይቅም፤ ሹም ሽር ሰውን ይለውጣል እንጂ ሥርዓቱን አያናጋም።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ ግን ከጦር ሹማምንት ሌላ ግንበኛ፥ አናጢና ቀጥቃጭ አስፈለገ። በዚህ ሥራ ከተሳተፉት መካከል ቤተ እስራኤል ይገኙበታል። በትውፊት እንደሚነገረው፥ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ ክርስትናን ያልተቀበለ ሁሉ ርስት እንዳይኖረው አድርገው ነበር። ርስት ያጣ ሰው የሚያድረው በእጁ ነውና ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፥ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹም ሸክላ ሠሩ። ነገሥታቱ በጎንደር ሕንፃ ሲያቆሙ ከእነዚህ ባለ እጆች አንዳንዶቹ ስለ አገልግሎታቸው ማዕርግና መሬት አገኙ። በዚያን ጊዜ ለእነርሱም የሹመት በር በጥቂቱ ተከፍቶ ነበር ማለት ይቻላል።

በሩ ግን ክፍት ሆኖ አልቆየም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን (1660–1674 ዓ.ም.) ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዘ። ኋላም በዘመነ መሳፍንት የቤተ መንግሥቱ ኃይል ሲደክም ትልልቅ ሕንፃ የሚያሠራ ጠፋ፤ ከሕንፃው ጋር የመጣው ማዕርግም አብሮ ቀረ። ባለ እጅነት ከዚያ ወዲያ የሚሾሙበትና የሚሻሩበት ድርሻ መሆኑ ቀርቶ የሚወለዱበት ዕጣ ሆነ። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን፥ ሚስቱም ምጣዷንና እንስራዋን ከባለ እጅ ይወስዳሉ፤ ሠሪውን ግን ቡዳ ነው እያሉ ይሸሹታል። ያለ እርሱ እጅ የማይታረስ አገር ለእርሱ ርስት ነፈገው።

ከጎንደር በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ ከእነዚህ የባለ እጆች መንደሮች አንዷ ናት። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ሥራው በእውነት የደም ነገር ቢሆን ኖሮ የወለቃ ሸክላ በዚያው ባበቃ ነበር። ነገር ግን አላበቃም፤ ከቀድሞዎቹ ትውልድ ያልሆኑ ሴቶች ጭቃውን ለውሰው፥ በእጃቸው ቀርጸውና በእሳት ተኩሰው ለመንገደኛ ይሸጣሉ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው። ሥራን በድርሻ መደልደል መንግሥትን ያጸናል፥ ጥበብንም ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻግራል። ድርሻው ከሰው ደም ጋር ሲጣበቅ ግን ድልድል መሆኑ ይቀርና እስራት ይሆናል። ግራ አዝማች ሲሻር ሌላ ሹመት ተስፋ ያደርግ ነበር፤ የወለቃ ቀጥቃጭ ግን የሚሽረውም የሚሾመውም አልነበረም።