የሐሪሳው ድስትና የአታካናው ድስት

ስሙኝማ የጊምቢቹ ሰዎች! የሶሮ ልጆች፣ ከሆሳዕና ለገበያ የመጣችሁም፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የምግብ ታሪክ ነው። የምግብ ታሪክ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ጦርነቱንም፣ ስደቱንም፣ ንጉሡንም አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞች ልጅ ያልሸኘ ደጅ ጥቂት ነው። ወንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሴቷ ወደ አረብ አገር ትሄዳለች። ቤይሩት እህት ያለው ሰው የአንድ ሰፈር ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ ቡርጅ ሐሙድ። ከቤይሩት በስተምሥራቅ ወንዙን ተሻግሮ የሚገኝ፣ ሕንፃው የተጠጋጋ፣ የመብራት ገመዱ ከሰገነት ሰገነት የተወሳሰበ ሰፈር ነው። እሑድ ዕረፍት የተፈቀደላት ኢትዮጵያዊት የአገሯን ሰው የምታገኘው እዚያ ነው። እንጀራ የሚቀርብባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው ትናንሽ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችም እዚያው ናቸው።

«ታዲያ ሰፈሩ የማን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። የአርመኖች ነው። አርመን ቤይሩት ምን አመጣው? እነሆ ትረካው ከዚህ ይጀምራል።

በ1915 እ.ኤ.አ. የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከየቀያቸው እየነቀለ ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው። የሞተው በመንገድ ቀረ፤ የተረፈው ሐሌብ ደረሰ፣ ቤይሩት ደረሰ። ቤይሩት የደረሱት መጀመሪያ በድንኳንና በቆርቆሮ ጎጆ ተጠለሉ፤ ኋላ ረግረጉን አድርቀው ቡርጅ ሐሙድን ሠሩ። መንደሮቹንም በጠፉት ከተሞቻቸው ስም ጠሯቸው፤ ማራሽ፣ ሲስ፣ አዳና። መሬቱ ቀረ፣ ቤቱ ቀረ፣ የወይን ማሳው ቀረ። ይዘው የመጡት ቋንቋቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና የምግብ ሙያቸውን ነው።

በዚያ ሰፈር ምግቡን የሚያቀርበው ቤተሰብ ነው። ጠባብ ክፍል ናት፤ አባት ምድጃው ዘንድ፣ እናት ሊጡ ዘንድ፣ ልጅ ሒሳብ ተቀባይ። ላሕማጁን የሚባለው ስስ ሊጥ ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተለቅልቆ ምድጃ ይገባል፤ ሎሚ ተጨምቆበት ተጠቅልሎ ይበላል። እኛ እህላችንን ተሸክመን ወፍጮ ቤት እንደምንሄድ ሁሉ፣ የሊባኖስ እናቶችም ሥጋውን ቤታቸው አሰናድተው ወደ ሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ይወስዱና በእሱ ሊጥና በእሱ ምድጃ ያስጋግሩታል። ማንቲ ደግሞ አለላችሁ፤ ከጣት ጫፍ ያልበለጠ ሊጥ በሥጋ ተሞልቶ፣ እንደ ታንኳ ተቆንጥጦ ይጋገርና በእርጎና በነጭ ሽንኩርት ይቀርባል። አንዲት ሴት ብቻዋን ብትይዘው ቀኑ ይመሽባታል። ስለዚህ እናት፣ አክስትና ልጅ ተሰብስበው እየተጨዋወቱ ይቆነጥጡታል፤ ልጅቱም ሙያውን የምትወርሰው እዚያው ነው።

ባስቱርማም አለ። የበሬ ሥጋ ጨው በልቶ፣ በክብደት ተጨምቆ፣ ነፋስ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ከዚያ በአብሽ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ በርበሬ ድቁስ ይለበጣል። ቋንጣ የሰቀለች፣ አብሽ ያሸች የሶሮ እናት ይህን ሥራ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

አሁን ደግሞ ወደ ሊባኖሶቹ ልውሰዳችሁ። በሰሜን ሊባኖስ ተራሮች ግርጌ ባለችው በዝጋርታ፣ ክባ ነያ የሚባል ምግብ የከተማዋ ኩራት ነው። ገና የታረደ ሥጋ ስቡና ጅማቱ ተለይቶ ይወጣል፤ በድንጋይ ሙቀጫ ውስጥ በእንጨት ዘነዘና ይወቀጣል። ከደቃቅ ቡልጉርና ከሽንኩርት ጋር ይታሻል፤ የወይራ ዘይት ፈስሶበት በናና ቅጠል ጥሬውን ይበላል። አርመኖቹም ቺ ኮፍቴ የሚሉት ጥሬ ሥጋ አላቸው፤ በቡልጉርና በቀይ በርበሬ በእጅ ረጅም ሰዓት የሚታሽ ነው። ክትፎ በቆጮ የሚበላ ሰው እዚያ ማዕድ ቢቀመጥ ባዳ አይሆንም። እነሱ ቡልጉር፣ እኛ ቆጮ፤ እነሱ የወይራ ዘይት፣ እኛ ንጥር ቅቤ። ቡልጉሩም ቢሆን ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የተከካ ስንዴ ነው። ቅንጬ የምናበስልበት ስንዴ የሀዲያ ደጋ በየዓመቱ የሚያፍሰው እህል ነው።

ሊባኖሶቹ እህልን ለምን እንዲህ እንደሚያከብሩ ልንገራችሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከ1915 እስከ 1918 እ.ኤ.አ.፣ የሊባኖስ ተራራ በራብ ተመታ። ባሕሩ ተዘጋ፤ እህሉ ለጦር ተወሰደ፤ አንበጣም ወረደ። ከተራራው ሕዝብ ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። የሊባኖስ ገጠር እናት ዛሬም በበጋ ቡልጉሯን ታሰጣለች፤ እርጎውን ከቡልጉር ጋር አብላልታ፣ አድርቃ፣ አድቅቃ ለክረምት ታስቀምጣለች፤ የወይራ ፍሬዋን በማሰሮ ትሞላለች። እኛም ዘንድ እንሰት ማሳ ላይ ለዓመታት ቆሞ ክፉ ቀንን ይጠብቃል፤ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። ራብን የሚያውቅ ሕዝብ ምግቡን በጥንቃቄ ይይዛል።

ንጉሡስ የት ገባ? በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ገቡ። በአርመን ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ተፈሪ ዘውድ በጫኑበት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዓል ላይም ተሰማ። አርመኖች ከዚያም በፊት በምኒልክ ዘመን ነጋዴ፣ አንጥረኛና ልብስ ሰፊ ሆነው አገራችን ገብተው ነበር። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያናቸውን አዲስ አበባ ላይ ሠሩ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ሃይማኖታቸው ከእኛ ኦርቶዶክስ ጋር ኅብረት ያለው ስለሆነ ጾሙም አላራቃቸውም፤ ዶልማ የሚሉት የወይን ቅጠል ጥቅል በጾም ቀን በሩዝና በዘይት ይሠራል። ከሺህ ያልፍ የነበረው ማኅበረሰብ ዛሬ እጅግ ተመናምኗል። ክበባቸው ግን ፒያሳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ምግብ ቤቱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ፣ አዲስ አበቤን ከዶልማና ከላሕማጁን ጋር ሲያስተዋውቅ ኖሯል።

አሁን ወደ ትረካዬ እምብርት ገባሁ፤ ጆሮ ስጡኝ።

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ሙሳ ዳግ የሚባል ተራራ አለ። በ1915 እ.ኤ.አ. ክረምት ግርጌው ያሉ ስድስት የአርመን መንደሮች ውጡ ተባሉ። ብዙዎቹ አንወጣም ብለው ከነልጆቻቸው ተራራው ላይ ወጡና ተዋጉ። ምግቡ እያለቀ ሲሄድ ትልቅ ጨርቅ ላይ ቀይ መስቀል ሠርተው ወደ ባሕሩ ዘረጉ። በመስከረም የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ምልክቱን አዩ፤ ከ4,000 በላይ ሰዎችንም አንሥተው ግብፅ፣ ፖርት ሳይድ አደረሱ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። በ1939 እ.ኤ.አ. ግን አካባቢው ለቱርክ ሲሰጥ አብዛኞቹ እንደገና ተነሡ፤ በሊባኖስ የበቃ ሸለቆ አንጃር የሚባል ከተማ ቆረቆሩ። ስድስቱን ሰፈሮችም በስድስቱ መንደሮች ስም ጠሩ።

እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ በመስከረም፣ በመስቀል በዓላቸው፣ ሐሪሳ ያበስላሉ። የተፈተገ ስንዴና ሥጋ በትላልቅ ድስቶች ይጣዳል። እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል፤ ከበሮው ይመታል፤ ስንዴውና ሥጋው አንድ እስኪሆኑ ይማሰላል። ሲነጋ ቄሱ ይባርከዋል፤ ለመጣ ሁሉ ይታደላል።

በዚያው መስከረም፣ የጊምቢቹ ሰዎች፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? የሀዲያን ዘመን መለወጫ ያሆዴን ታከብራላችሁ! አባት ለሰንጋው ሲያስብ ይከርማል፤ ወጣቱ እንጨት ይፈልጣል፤ እናት ከጎረቤቶቿ ጋር ቅቤ ስታጠራቅም ዓመቱን ትዘልቃለች። ከዚያ አታካናው ይጣዳል። ቡላው ከቅቤውና ከወተቱ ጋር እየተማሰለ ይበስላል፤ ዘመድ ከሩቅ ተጠርቶ ይመጣል፤ የተጣላም ይታረቃል። የሐሪሳው ድስትና የአታካናው ድስት በአንድ ወር ይጣዳሉ። የአንጃር ሰዎች ሁለት ጊዜ አገር አጥተው ድስታቸውን አልጣሉም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት እዚህ መካከል ከሊባኖስ የተመለሱ እህቶች እንዳሉ አስቤ ነው። ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት ፓስፖርታችሁ በአሠሪ እጅ ተይዞ የሠራችሁ አላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ ከነሻንጣቸው በቤይሩት ቆንስላችን በር ላይ የተጣሉ እህቶቻችንን ዓለም አይቷል። ያ በደል ሊረሳ አይገባም። ከዚያ ሁሉ መከራ ጋር ግን ሙያ ይዛችሁ መጥታችኋል። ፐርሰሜሎውን በደቃቁ ከትፋችሁ ታቡሌ መሥራት፣ ሽምብራውን ከሰሊጥ ጋር አልማችሁ ሑሙስ ማቅረብ ታውቃላችሁ። ሽምብራው፣ ሰሊጡ፣ ስንዴውና ሎሚው በአገራችን የሚገኙ ናቸው። ይህ ሙያ የእናንተ ሀብት ነው።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። ምግብን በሕይወት የሚያቆየው ትልቅ ሆቴል አይደለም፤ እናትና ልጅ አብረው የሚሠሩባት ጠባብ ቤት ናት። ተመላሿ እህት አንድ ክፍል ከፍታ ታቡሌና ሑሙስ ብትሸጥ ጎረቤት ይብላላት፣ ዘመድ ያግዛት። አታካናም ለያሆዴ ብቻ አይታሰር፤ የጊምቢቹና የሆሳዕና ቤተሰቦች በደጃቸው ሰሌዳ ላይ ስሙን ጽፈው ለመንገደኛው ዓመቱን ሙሉ ያቅርቡት። ልጆቻችሁንም፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ከማማሰያው ጋር አስተዋውቋቸው። አርመኖች ይህን በስደት አገር ችለውታል፤ እኛ በገዛ ማሳችን፣ በገዛ እንሰታችን የማንችልበት ምክንያት የለም።