የመኪና ቀለም ታሪክ፣ ከአንድ ጭረት ተነስቼ

እህቶቼ፣ እዚህ ቤሩት መኪና ማጠብ ኮንትራታችን ላይ የሌለ ሥራ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን የማታጥብ ማን ናት? እኔ በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ቀን የሚስተርን ጥቁር መኪና አጥቤ ስጨርስ ማዳም ወረደች። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ታየ፤ የሾፌሩ በር ላይ ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን ረጅም ጭረት። ጮኸች። የዚያ ወር ደሞዜ፣ 200 ዶላር፣ ለቀለም ቀቢ እንደሚሄድ ነገረችኝና ወጣች።

ክብ ክቡ የኔ ነው፣ አልዋሽም። ድስት የምፈትግበትን ስፖንጅ ነው የተጠቀምኩት፣ ያውም በአረንጓዴው በኩል። የበሩ ግን የኔ አልነበረም። ይሄን ማን ያምነኛል? ማታ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ለሚቀባው ወንድሜ ድምፅ ላኩለት። «ወንድም ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አልኩት። ጠዋት መልሱን ሰማሁ። «ጥፍርሽን አሳልፊበት። ጥፍርሽን ካልያዘው ላይኛው ላይ ነው፣ በፖሊሽ ይወጣል። ከያዘው ወደ ታች ወርዷል። ግርጌው ቡናማ ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮው ዝጓል ማለት ነው፣ የትናንት ጭረት እንደዚያ አይዝግም።»

ሄጄ ጥፍሬን አሳለፍኩ። ኮፈኑ ላይ ምንም አልያዘኝም። በሩ ላይ ቆም አደረገኝ፤ ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት ሳይ ግርጌው ጥቁር ቡናማ ዝገት ነበር።

የዛን ቀን «ላይኛው» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የምን ላይኛው? ቀለም ስንት ፎቅ አለው? እኔ አስረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ግን እሁድ እሁድ ማኅበራችን ቤት ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ፣ ኢትዮጵያን ስጠቅስ ካልሆነ በቀር፣ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ መኪና የሚቀባው እንደ ፈረስ ሠረገላ ነበር። ለአፄ ምኒልክ መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ዘመን ቀለም ቀቢው በብሩሽ ይቀባል፣ ያደርቃል፣ በውሃና በተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይፈትጋል፣ እንደገና ይቀባል። በመጨረሻ ቫርኒሽ። አንዱ መኪና ተቀብቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። አቧራ እንዳያርፍበት ክፍሉን ይዘጋሉ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጫሉ። ይሄን ሳነብ እናቴ ግቢ ከመጥረጓ በፊት ውሃ ስትረጭ ታየችኝ። ብልሃቱ አንድ ነው።

የመኪናው ፖሊሽም ከቤት ዕቃ ነው የመጣው። ፍራንክ ሜጉያር የሚባል አሜሪካዊ በ1901 ኢንዲያና ውስጥ ፖሊሽ መሥራት ሲጀምር ለወንበርና ለጠረጴዛ ነበር። በ1910 ደግሞ ቺካጎ ውስጥ ሲሞኒዝ የሚባል የመኪና ሰም ወጣ፤ ስሙ በጣም ከመለመዱ የተነሳ እንግሊዝኛው ውስጥ «ሰም ቀብቶ ማንፀባረቅ» የሚል ግሥ ሆኖ ቀረ። ለመኪና ሰም ዝነኛው ካርናውባ ነው። የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል ላይ የሚገኝ ሰም ነው፤ ዛፉ በድርቅ ውሃው እንዳያልቅበት ቅጠሉን የሚሸፍንበት። ሠራተኞች ቅጠሉን ቆርጠው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ይደበድቡታል፣ ሰሙ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ሌላ አገር ፀሐይ ላይ የሚለፋ ሰው ልፋት ነው እንግዲህ ሚስተር ኮፈን ላይ የሚያብረቀርቀው።

ፎርድ መኪናን በብዛት ሲያመርት ይሄ በብሩሽ መቀባት እንቅፋት ሆነ። ቲ ሞዴል የሚባለው መኪናው ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ብቻ ነበር የሚሸጠው። ርካሽና ጠንካራ ጥቁር ኢናሜል ነበር፣ ውስጡ አስፋልት ያለበት፣ በምድጃ የሚጋገር። ቀለም የፈለገ ሌላ ጋ ይሂድ ነው ነገሩ።

አሁን የምወደው ክፍል። በ1840ዎቹ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ፣ ሾንባይን የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነበር። እንደሚወራው ቤት ውስጥ አሲድ ደፋ፣ ደንግጦ የሚስቱን የጥጥ ሽርጥ አንስቶ ወለሉን ወለወለበት፣ ሽርጡን ምድጃው አጠገብ ሰቀለው። ሲደርቅ ቦግ ብሎ ጠፋ፣ ጭስ እንኳ አልነበረውም። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ጥጥ በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ተነክሮ ፈንጂ እንደሚሆን ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው። (ስለ ሽርጡ ባለቤት ግን ማንም ምንም አልጻፈም። ማን ከፈላት?)

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ ባሩድ አምራች በዚሁ ጥጥ ብዙ ፈንጂ ሠራ። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ ፋብሪካው አለ፣ ገዢው የለም። ይሄኑ ጥጥ በሟሟያ አቅጥነው ቀለም አደረጉት። ዱኮ አሉት። ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል የምርምር ኃላፊ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም አጥብቆ ይፈልግ ነበርና ሁለቱ ኩባንያዎች አብረው ሠሩት። በ1923 ኦክላንድ የሚባል መኪናቸው ለ1924 ሞዴል በዱኮ ሰማያዊ ተቀብቶ ወጣ። በብሩሽ ሳይሆን በስፕሬይ ይነፋል፣ ሳምንታት የፈጀው ወደ ሰዓታት ወረደ፣ ቀለሙም በየዓይነቱ ሆነ። እንግዲህ የመኪና ቀለማት የጦርነት ትራፊ ናቸው ማለት ነው።

ግን ዱኮ አንድ ጠባይ ነበረው። ሲደርቅ አያበራም፤ እንዲያበራ በእጅ መታሸት አለበት። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይደበዝዛል፣ ጠመኔ የነኩበት ይመስላል። ስለዚህ ባለመኪናው ራሱ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጨርቅና ሰም ይዞ ማሸት ልማድ ሆነ። መኪናውን አሽቶ ማሳመር ለወንዱ ኩራቱ ነበር። እዚህ ኩራቱ የባለቤቱ ሆኖ ቀርቶ ማሸቱ ወደኛ መጣ።

ወንድሜ «ላይኛው» ያለው በኋላ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ በብዛት የተለመደው አሠራር ቀለሙን ቀብቶ ከላዩ ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን መንፋት ነው፤ ጋራዦች ክሊር ይሉታል። ከታች ቆርቆሮ፣ ከዚያ ዝገት የሚከላከል፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ክሊር። ክሊሩ ወደ 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ ከራሳችን ፀጉር ይቀጥናል። ዛሬ የምናየው ክብ ክብ ጭረት አብዛኛው እዚያ ላይ ነው፤ ቀለሙ አልተነካም።

ስለዚህ ፖሊሽ ምን ይሠራል? እኔ ጭረቱን የሚሞላው መስሎኝ ነበር። አይሞላም። ውስጡ በጣም የላመ አሸዋ መሰል ነገር አለ፤ የጭረቱን ዙሪያ እየፈተገ ከጭረቱ ግርጌ ጋር እኩል ያደርገዋል። የሚሸፍነው ሰሙ ነው፣ እሱም በእጥበት ይሄዳል። ፖሊሽ ባሸሽ ቁጥር ክሊሩ ይሳሳል ማለት ነው። ለዚህ ነው ማዳም በየሳምንቱ እሺ ስትል እምቢ የምለው። የጥርስ ሳሙናም ሠራሁበት የምትሉ አላችሁ፤ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፣ ግን በጣም ትንሽ ነው የሚያነሳው። ቲነር ስጡኝ እንዳትሉ፣ ቀለሙን ያበላሻል፣ ሽታውም በምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ራስ ያዞራል።

የሕንጻው ዘበኛ ሱዳናዊ ነው፣ ዐሞ ነው የምለው። የተረፈ ፖሊሽ በጣሳ ሰጠኝ። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሼ አሸዋውን አስወገድኩ፤ ጭረት የሚያመጣው ስፖንጁ ላይ የተጣበቀው አሸዋ ነውና። ሁለት ባልዲ አደረግሁ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ስፖንጅ ማለቅለቂያ። ቀለበቴን አወለቅሁ። ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑ ቀዝቅዞ እያለ፣ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ተራ በተራ አሸሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ከእራት ዕቃ በኋላ። እጄ አብጦ ሊጥ እንኳ መያዝ አቃተኝ። ክብ ክቡ ግን ጠፋ፤ ከቀረም ፈልጎ ለሚያይ ሰው ነው።

በሩን አልነካሁትም። እንዲያውም ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ ዝገቱ ምስክሬ ነው።

አርብ ጠዋት ሚስተር ሲወርድ ጠበቅሁት። በአረብኛዬ በደንብ አልናገርም፣ ስለዚህ ጥፍሬን ኮፈኑ ላይ አሳለፍኩ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ። ዝገቱን አሳየሁት። «ይሄ አሮጌ ነው» አልኩ። ጎንበስ አለ፣ በራሱ ጥፍር ሞከረ፣ ብዙ ቆየ። አንድ ቃል አልተናገረም። ገብቶ ሄደ።

በየት ልከሰስ፣ በየት ልክሰስ? የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ አስወጥቷል። መኪናው ላይ ያለው ቀለም ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፤ አንቀጹ እዚያው ነው።

ወሩ ሲያልቅ ማዳም ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። 150 ዶላር ነበር። ሃምሳው ለምን እንደጎደለ አልነገረችኝም፣ እኔም ስለ ኮፈኑ እንደሆነ ገባኝ። የሰው ዕቃ አበላሽቼ ነበር፣ ሦስት ሌሊት አሽቼ መልሼዋለሁ፣ ሃምሳ ዶላር ደግሞ ከፍያለሁ። የበሩ ጭረት አሁንም አለ። ማን እንዳደረገው ማዳም ያወቀች ይመስለኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን ስታቆም ግድግዳውን አይታ ነው የምትዞረው።