የጅብ ቀዳዳ

ሐረር ሄዳችሁ የጀጎልን ግንብ ዞራችሁት እንደሆነ፣ ከግርጌው ያሉትን ቀዳዳዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ግንቡን እ.ኤ.አ. በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ሰውና ግመል በአምስቱ በሮች ይገባ ነበር። ቀዳዳዎቹን ግን ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጎርፍ ይወጣባቸዋል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይገባባቸዋል።

ጅቡ ምን ሊሠራ ይገባል? ከየደጃፉ የተጣለውን አጥንት፣ አንጀትና የድግስ ትርፍራፊ ሊለቅም ነዋ! አጥንት ፈጭቶ ስለሚበላ ነው እዳሪው እንደ ኖራ የሚነጣው።

ይህን ስንል ከተማይቱ ሁልጊዜ ጽዱ ነበረች ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ በየጠባቡ መንገድ ትልልቅ የቆሻሻ ክምርና በላዩ የተኙ ውሾች ማየቱን ጽፏል። ሰውየው ለሐረር ሰው በጎ ዓይን አልነበረውም፤ ቢሆንም ክምሩን ከራሱ ፈጠረው አንልም። ከመንገድ ላይ የሚያስቸግርን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረው ሳለ፣ ክምሩ በሙስሊም ከተማ መገኘቱ ያሳዝናል።

ግን ልብ በሉ! የያኔው ቆሻሻ አመድ፣ ፍግ፣ ገረባና አጥንት ነበር፤ ጅብ የተወውን አፈር ይበላዋል። እኛ የምንጥለው ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና ያለቀ ባትሪ ነው። ይህን ጅብም አፈርም አይጨርሰውም። ፌስታል የጎርፍ መውጫውን ሲደፍነው ውኃው ተመልሶ ጎረቤት ቤት ይገባል። ትርፍራፊውን በፌስታል ቋጥሮ የሚጥል ባለሱቅ ወይም እመቤትም፣ ጅቡን ከነፌስታሉ ታበላዋለች፤ የጅብ ሆድ ደግሞ አጥንት እንጂ ፌስታል አይፈጭም።