በጉን የተሸከመው እረኛ፦ የአረማውያን አምሳል በጥንታውያን ክርስቲያኖች ሥዕል

«የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከጣዖት አምልኮ የተቀዳ ነው» የሚል ክስ አልፎ አልፎ ይሰማል። ለክሱ በማስረጃነት የሚጠቀሱት ሥዕሎች በእርግጥ ያሉ ስለሆኑ ልንክዳቸው አይገባም። የሚገባው ምን እንደሚያሳዩና ምን ለማስተማር እንደ ተሣሉ መመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ በኢጣልያ ምድር ከሚገኙት ጥቂቶቹን እንመለከታለን።

ቀዳሚው የቸር እረኛ ሥዕል ነው። የሮም ምእመናን ሙታኖቻቸውን በሚቀብሩባቸው፣ ካታኮምብ ተብለው በሚጠሩት ከመሬት በታች የተፈለፈሉ መቃብሮች ውስጥ፣ ለምሳሌ በጵርስቅላ ካታኮምብ ጣሪያ ላይ፣ ጢም የሌለው ወጣት አጭር ቀሚስ ለብሶ ከመንጋው አንዱን በትከሻው ተሸክሞ ይታያል። ሥዕሉ የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አምሳሉ ግን ከክርስትና በፊት የታወቀ ነበር። በአቴና አክሮፖሊስ የተገኘው፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጸው ሐውልት ጥጃ በትከሻው የተሸከመ ሰው ነው። ግሪካውያን ሄርሜስ የሚሉትን ጣዖታቸውንም በግ አሸክመው ይቀርጹት ነበር፤ ጳውሳንያስ የተባለው ጸሐፊ እንደ መዘገበው የታናግራ ከተማ ሰዎች ሄርሜስ በግ ተሸክሞ ቅጥራቸውን በመዞር ቸነፈር እንዳራቀላቸው ይተርኩ ነበር።

እንግዲህ አቋሙ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ተገልብጧል። የአቴናው ሰው ጥጃውን የሚወስደው ለመሥዋዕት፣ ማለትም ለመታረድ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የምናነበው እረኛ ግን የጠፋውን በግ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደግሞ ነፍሱን ስለ በጎቹ የሚሰጠው እርሱ ራሱ ነው። የጥንት ክርስቲያኖችም ሥዕሉን የተረዱት እንዲሁ ነበር። የካርታጎው ተርቱሊያኖስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጽዋዎች ላይ ስለሚሣለው እረኛ ሲያነሣ ከጠፋው በግ ምሳሌ ጋር አያይዞ ነው፤ ያነሣው ለማመስገን ሳይሆን ለመንቀፍ መሆኑ ምስክርነቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያደክመውም።

አባቶች ያገኙትን ሁሉ አልተቀበሉም። ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ክርስቲያኖች በማኅተም ቀለበታቸው ላይ ርግብ፣ ዓሣ፣ መርከብ፣ መሰንቆ ወይም መልሕቅ ቢያስቀርጹ እንደሚፈቀድ ሲያስተምር የጣዖታትን ፊት ግን ከልክሏል። መመዘኛው ግልጽ ነው። በዶሚቲላ ካታኮምብ በዜማው አራዊትን ያለዝብ ነበር የተባለው የተረቱ ኦርፌዎስ ተሥሏል፤ ቀሌምንጦስ ግን አስቀድሞ እውነተኛው ዜማ አራዊት የተባሉትን ሰዎች የሚለውጠው ክርስቶስ መሆኑን ጽፎ ነበር። ከቅሉ ጥላ ሥር ያረፈው ነቢዩ ዮናስም አንዳንድ ጊዜ ከግሪኩ ተረት የተኛው ኤንዲሚዮን በሚቀረጽበት አኳኋን ተቀርጿል። ኤንዲሚዮን ለዘለዓለም ያንቀላፋ ነው፤ ዮናስ ግን ጌታችን ራሱ የትንሣኤው ምልክት ያደረገው ነቢይ ነው። በመቃብር ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው በሰሜን ኢጣልያ በራቬና ከተማ ያለው ነው። በዚያ ሁለት ጥንታውያን ቤተ ጥምቀቶች አሉ፤ አንደኛው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጌጠውና የታሪክ ጸሐፍት «የኦርቶዶክሳውያን» የሚሉት፣ ሁለተኛው የጎጥ ንጉሥ ቴዎዶሪክ ለአርዮሳውያን ያሠራው። የሁለቱም ጉልላት በሞዛይክ የጌታችንን ጥምቀት ያሳያል፤ በሁለቱም ዮርዳኖስ በሽማግሌ ተመስሎ በአጠገቡ ይታያል። በአርዮሳውያኑ ዘንድ ሽማግሌው በራሱ ላይ የሸርጣን ጥፍር አብቅሏል። ይህ አረማውያን የወንዝና የባሕር አማልክትን የሚሥሉበት ልማድ ነው። ነገር ግን በመዝሙር 113 ዮርዳኖስ ወደ ኋላው እንደ ተመለሰ በጥምቀት በዓል የሚሰማ ምእመን ወንዙ እንደ ሰው ሲደነግጥ ቢያይ አይገርመውም፤ አምላክ የተባለው ወንዝ በዚያ ተመልካች አገልጋይ ሆኗልና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተወገዘውን የአርዮስን ክሕደት የያዙትና የተቃወሙት ያንኑ ሽማግሌ፣ ያንኑ ርግብ፣ ያንኑ ውኃ ሥለዋል። ስለዚህ የሥዕሉን ትርጉም የሚወስነው አምሳሉ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን በፊቱ የሚነገረው ሃይማኖት ነው ወደ ማለት እናደላለን። በዚያው በራቬና ቴዎዶሪክ ባሠራው፣ ዛሬ የቅዱስ አፖሊናሪስ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን የቤተ መንግሥቱ ሞዛይክ አለ። የቁስጥንጥንያ መንግሥት ከተማዪቱን በ540 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ በዓምዶቹ መካከል የነበሩት ሰዎች ተነቅለው በቦታቸው መጋረጃ ተተክቷል። ሠራተኞቹ ግን ዓምዶቹን አልነኩም፤ የተነቀሉት ሰዎች እጆች እስከ ዛሬ በነጩ ዓምድ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ።